ሳያውቁት የባዕድ አገር ዜጋ

የአውስትራሊያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ባርናቢ ጆይስ ኦገስት 14 ቀን 2017 በተወካዮች ምክር ቤት ተነስተው የተናገሩት ነገር ሰሚውን ሁሉ ግራ አጋባ። ከጥቂት ቀናት በፊት የኒውዚላንድ ኤምባሲ አግኝቷቸው የኒውዚላንድ ዜጋ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ እንደነገራቸው አስታወቁ። ጆይስ የተወለዱት እዚያው አውስትራሊያ፣ ታምዎርዝ በተባለች የገጠር ከተማ ነው። የኒውዚላንድ ፓስፖርት ይዘው አያውቁም፤ ዜግነቱንም ጠይቀው አያውቁም። ጣጣው የመጣው በአባታቸው በኩል ነው። አባትየው በ1924 ኒውዚላንድ ተወልደው ኋላ ወደ አውስትራሊያ የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ የኒውዚላንድ ሕግ ደግሞ የዜጋውን ልጅ የትም ይወለድ የት ከራሱ ይቆጥረዋል። ጆይስ በ2015 የግብርና ሚኒስትር ሳሉ፣ የሆሊውዱ ተዋናይ ጆኒ ዴፕ ሁለት ትንንሽ ውሾቹን ሳያሳውቅ በግል አውሮፕላን ስላስገባ፣ ውሾቹ በአስቸኳይ ካልወጡ ይገደላሉ ብለው ዓለምን ያነጋገሩ ናቸው። የባዕድ ውሻ ያባረሩት ሚኒስትር ራሳቸው ባዕድ ሆነው ተገኙ እየተባለ ሲቀለድባቸው ሰነበተ።

ለመንግሥት ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ጥምሩ መንግሥት ከ150 ወንበሮች የያዘው 76ቱን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ከጎደለ አብላጫው አለቀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል፣ ራሳቸውም በጥብቅና ስም ያተረፉ ሰው፣ በዚያው ቀን ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ምክትላቸው ወንበሩ እንደሚገባቸው፣ የአገሪቱ የመጨረሻ ሰሚ የሆነው ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ይህንኑ እንደሚወስን ያለ አንዳች ጥርጥር ተናገሩ። ኦክቶበር 27 ቀን ሰባቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ተቃራኒውን ወሰኑ።

ይህን ሁሉ ያመጣው በ1901 ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ነው። ለባዕድ መንግሥት ታማኝነቱን የሰጠ፣ የባዕድ መንግሥት ዜጋ የሆነ ወይም የዚያ አገር ዜጋ መብትና ጥቅም የሚገባው ሰው ለፌዴራሉ ፓርላማ ሊመረጥም ሆነ ሊቀመጥ አይችልም ይላል። ከጁላይ 2017 እስከ ሜይ 2018 ባሉት ወራት በዚህ አንቀጽ ሰበብ 15 የፓርላማ አባላት ወንበራቸውን አጡ፤ ከፊሎቹን ፍርድ ቤት አስነሳቸው፣ ከፊሎቹ ደግሞ መውጫ እንደሌላቸው ሲያውቁ ራሳቸው ለቀቁ። የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ስቲቨን ፓሪ፣ የናሽናል ፓርቲ ምክትል መሪ ፊዮና ናሽ፣ የቀድሞው የቴኒስ ተጫዋች ጆን አሌክሳንደር፣ የታዝማኒያዋ ነገረኛ ሴናተር ጃኪ ላምቢ ከእነዚህ መካከል ናቸው። አንዳቸውም በስለላ አልተጠረጠሩም። ከአገራቸው ይልቅ ለሌላ መንግሥት አደሩ የተባለም የለም።

አንቀጹ ሲነበብ ስለ ታማኝነት የተጻፈ ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል የሚመረምረው ግን የሌላ አገር የሕግ መጽሐፍ ስለዚህ ሰው ምን ይላል የሚለውን ነው። ስለዚህ ካንቤራ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ዌሊንግተን፣ ለንደን፣ ኦታዋና ሮም ውስጥ የወጡ ሕጎች ይወስናሉ። ሉዓላዊነትን ይጠብቃል ተብሎ የታጠረው አጥር የበሩ ቁልፍ ያለው ጎረቤት እጅ ነው።

አንቀጹን የጻፉት ሰዎች እዚህ ይደረሳል ብለው ሊያስቡ አይችሉም ነበር። በ1901 የአውስትራሊያ ዜግነት የሚባል ነገር የለም፤ እሱ የመጣው ጃንዋሪ 26 ቀን 1949 ነው። በሲድኒም ተወለደ በዌሊንግተን፣ በለንደንም ተወለደ በቶሮንቶ፣ ሁሉም የአንድ ዘውድ ተገዢ ነበር። ባዕድ ሲባል ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ሩሲያ ማለት ነው። ያም ሆኖ አንቀጹን ገና ከጅምሩ ሾልከው ያለፉት ሰው አሉ፤ ያውም ተራ ሰው አይደሉም። በ1904 ሦስተኛው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ በዓለም ላይ የመጀመሪያውን የሌበር መንግሥት የመሩት ክሪስ ዋትሰን የተወለዱት በቺሊዋ የወደብ ከተማ ቫልፓራይሶ ነው። አባታቸውም የጀርመን ዘር ያላቸው ቺሊያዊ እንደነበሩ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። በዛሬው ሚዛን ቢመዘኑ አንድ ቀን እንኳ ባልተቀመጡ ነበር።

ብሪታኒያ ራሷ ለአውስትራሊያ ባዕድ የሆነችው ደግሞ ማንም ቀኑን ቆርጦ ሊናገር በማይችልበት ሁኔታ ነው፤ ቀስ በቀስ፣ እያደር። በ1999 ፍርድ ቤቱ የዋን ኔሽን ፓርቲዋን ተመራጭ ሄዘር ሂልን ሲያሰናብት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ1986 የወጣው የአውስትራሊያ ሕግ የመጨረሻውን የለንደን ሥልጣን ከቆረጠ ወዲህ ብሪታኒያ ባዕድ አገር ናት አለ። ይህ ፍርድ ሲሰጥ ማስጠንቀቂያው ተደውሏል። ከብሪታኒያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ፖለቲከኛ ሁሉ በዚያው ሳምንት ሰነዱን ማገላበጥ ነበረበት። አላገላበጠም። ከ15ቱ አብዛኞቹን የጣላቸው ይኸው የብሪታኒያ ዜግነት ነው፤ ከተለያዩ ፓርቲዎች የመጡ፣ ጠበቃና አማካሪ የሞላቸው ሰዎች 18 ዓመት ሙሉ ተኙ።

ያነቃቸው የፐርዝ ከተማ ጠበቃ ነው። ይህ ሰው የምዕራብ አውስትራሊያውን የግሪንስ ፓርቲ ሴናተር ስኮት ለድላምን የኒውዚላንድ መዝገብ አጣርቶ ዜግነታቸው እንዳልተሰረዘ አገኘ። ለድላም የተወለዱት ኒውዚላንድ ሲሆን በሦስት ዓመታቸው ከዚያ ወጥተዋል፤ በወጣትነታቸው አውስትራሊያዊ ሲሆኑ የፊተኛው ዜግነት በዚያው የቀረ መስሏቸው ነበር። ጁላይ 14 ቀን 2017 ለቀቁ። በአራተኛው ቀን የፓርቲ ባልደረባቸው ላሪሳ ዋተርስ ተከተሉ። እሳቸው ዊኒፔግ፣ ካናዳ የተወለዱት ወላጆቻቸው ለጊዜው እዚያ ሳሉ ነው፤ ገና ጡት ሳይጥሉ፣ በ11 ወራቸው አገራቸው ገብተዋል። የካናዳ ሕግ የተለወጠው እሳቸው በተወለዱ በሳምንቱ ነው። እናም የካናዳ ዜግነታቸው ራሳቸው ሄደው ካልመለሱት በቀር ዕድሜ ልክ የሚከተላቸው ሆኖ ኖሯል። ተርንቡል በወቅቱ ግሪንሶችን በዝርክርክነት ወቀሱ። ሁለት ሰው አጥቶ የተደናገጠ ፓርቲ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና ወሩ ሳያልፍ ቁናው እሳቸው ደጅ ደረሰ።

ፍርድ ቤት የቀረቡት በመጀመሪያ ሰባት ነበሩ። ሁለቱ ተረፉ። የኩዊንስላንዱ ሴናተር ማት ካናቫን እናታቸው በ2006 ጣሊያን ቆንስላ ሄደው አስመዝግበዋቸዋል ተብሎ ነበር፤ ዳኞቹ የጣሊያንን ሕግ ካስመረመሩ በኋላ ዜጋ መሆናቸው አልተረጋገጠም አሉ። ሴናተር ኒክ ዜኖፎን ደግሞ አባታቸው ቆጵሮስ በብሪታኒያ ቅኝ ግዛት ሳለች የወጡ በመሆናቸው ከለንደን ያገኙት ወደ ብሪታኒያ መግባትም መኖርም የማያስችል፣ ለስሙ ዜግነት የተባለ ነገር ነው፤ ይህ እንደ ዜግነት አይቆጠርም ተባለ። አምስቱ ግን ወደቁ።

ከዚያ ክርክር ውስጥ ለእኔ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የመንግሥት ጠበቆች ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ርኅራኄ የሞላበት ይመስላል፦ በውልደት አውስትራሊያዊ የሆነና የሌላ አገር ዜግነት እንዳለው ያላወቀ ሰው ሊቀጣ አይገባም። ለጆይስና ለናሽ የተሰፋ ልብስ መሆኑ ግልጽ ነበር። በዚህ መንገድ ከሰባቱ አምስቱ ይድናሉ፤ የሚወድቁት ሌላ አገር ተወልደው ኋላ ዜግነት የተቀበሉት ለድላምና የዋን ኔሽኑ ማልኮም ሮበርትስ ብቻ ናቸው፤ መጤ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የድሮ ዜግነቱን ማጣራት ነበረበት ከሚል ነው። ልብ ብሎ ላየው ይህ ሁለት ዓይነት ዜጋ መፍጠር ነው። የአገር ልጁ አላወቅሁም ብሎ ይማራል፤ መጤው ግን ለምን አላወቅህም ተብሎ ይባረራል።

ዳኞቹ ይህን አልተቀበሉም። ያልተቀበሉበት ምክንያትም 25 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1992፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ በለቀቁት የሜልበርኑ ዊልስ ምርጫ ክልል በተደረገው ማሟያ ምርጫ የተወዳደሩ ሁለት ስደተኞች፣ አንዱ ከግሪክ አንዱ ከስዊዘርላንድ የመጡ፣ ተመሳሳይ ፍርድ ተፈርዶባቸዋል። ሁለቱም አውስትራሊያ ለአሥርተ ዓመታት ኖረዋል፤ ዜግነት ሲቀበሉም ሌላ ታማኝነትን ሁሉ ትተናል ብለው ምለዋል። ፍርድ ቤቱ መሐላው አይበቃም፣ ለአቴንስና ለበርን ጽፋችሁ በሕጋቸው መሠረት መሰናበት ነበረባችሁ አላቸው። በማለ ሰው ላይ ይህን የፈረደ ችሎት ምንም ሳያደርግ ለተቀመጠ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሌላ ሚዛን ቢያወጣ ኖሮ ሕግ ባለሥልጣን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል ማለት ነበር። ፍርዱ ጨካኝ ነው፤ አዎ። ግን ትክክል ነው። ጨካኙን አንቀጽ መለወጥ የዳኛ ሥራ አይደለም።

ችግሩ ጭካኔው በዚህ አለማቆሙ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጉዳያቸው የታየው ሳያውቁ የተያዙ ሰዎች አልነበሩም፤ አውቀው፣ ፈልገው፣ ቅጽ ሞልተው የተያዙ ናቸው። የካንቤራዋ ሴናተር ኬቲ ጋላገር እናታቸው ከብሪታኒያውያን ወላጆች ኢኳዶር ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ሴናተሯ ኤፕሪል 20 ቀን 2016 የብሪታኒያ ዜግነታቸውን የሚተውበትን ቅጽ ሞልተው ላኩ። ክፍያውም ተቆረጠ። ሜይ 31 ቀን ለዕጩነት ተመዘገቡ። ጁላይ 2 ቀን ሕዝብ መረጣቸው። የለንደን ቢሮ ጉዳዩን ጨርሶ የመዘገበው ኦገስት 16 ቀን ነው። በእነዚያ ወራት ሴትዮዋ ሌላ ምን ያድርጉ? ለንደን ሄደው ደጅ ይጥኑ? ሜይ 9 ቀን 2018 ፍርድ ቤቱ የሚቆጠረው ዕጩ የሆኑበት ቀን ነው፤ የውጭው አገር ሕግ መውጫን ጨርሶ የሚከለክል ካልሆነ በቀር ሞክሬያለሁ ማለት ምክንያት አይሆንም ሲል አሰናበታቸው።

በዚያው ቀን አራት የታችኛው ምክር ቤት አባላትም አበቃላቸው፤ ሦስቱ የሌበር፣ አንዷ የሴንተር አሊያንስ። ከእነሱ የሱዛን ላምብን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። ላምብ ከብሪታኒያዊ አባት የወረሱትን ዜግነት ለመተው ሲያመለክቱ የብሪታኒያ አገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የወላጆቻቸውን የጋብቻ ማስረጃ ጠየቃቸው። ማስረጃው የሚገኘው፣ እሳቸው እንዳሉት፣ በእናታቸው በኩል ነው። ፌብሩዋሪ 2018 ላምብ ምክር ቤት ቆመው፣ እንባ እየተናነቃቸው፣ እናታቸው በልጅነታቸው አንድ ቀን ትምህርት ቤት አድርሰዋቸው ሳይመለሱ እንደቀሩ ተናገሩ። እንዲህ የተለያዩትን እናት የጋብቻ ወረቀትሽን ስጪኝ ብለው ሊጠይቁ አልቻሉም። የአንድ ሕዝብ ተወካይ የልጅነት ቁስሏን ለመላው አገር ገልጣ የምታሳየው ለማን አገር ታማኝ እንደሆነች ለመታወቅ ነው ቢባል የሚያምን ይኖራል? የተፈለገው ወረቀት ነው።

የጋላገር ዓይነት ነገር የአውስትራሊያ ብቻ አይደለም። ጋናዊው ጀምስ ጃቺ ኩዌሰን የካናዳ ዜግነታቸውን ለመተው ያመለከቱት በ2019 መጨረሻ ነው፤ ኦክቶበር 2020 ለዕጩነት ቀረቡ፤ የካናዳ የምስክር ወረቀት የወጣላቸው ኖቬምበር 26 ቀን፣ ምርጫው ሊደረግ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነው። የጋና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 2023 ስማቸው ከምክር ቤቱ መዝገብ እንዲፋቅ አዘዘ። ጁን 27 ቀን በተደረገው ማሟያ ምርጫ የምርጫ ክልላቸው የአሲን ኖርዝ ሕዝብ መልሶ መረጣቸው።

አውስትራሊያም ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ጆይስ የኒውዚላንድ ዜግነታቸውን ትተው ዲሴምበር 2 ቀን 2017 በኒው ኢንግላንድ ምርጫ ክልል ሲወዳደሩ ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ተመለሱ። አሌክሳንደርም በቤኔሎንግ በዚያው ወር አሸነፉ። በጁላይ 28 ቀን 2018ቱ የማሟያ ምርጫዎች በሜይ የለቀቁት አራቱም፣ ላምብን ጨምሮ፣ ወንበራቸውን አስመለሱ። ከታችኛው ምክር ቤት በዚህ ሰበብ ወጥቶ እንደገና ለምርጫ ከቀረበ ሰው መካከል የተሸነፈ አንድም የለም። አንቀጹ ሕዝብን ከከዳተኛ ተወካይ ለመጠበቅ ከነበረ፣ ሕዝቡ ተከድቻለሁ አላለም። ገበሬው ጆይስን በዜግነት ሰነድ ሳይሆን በዋጋና በውኃ ነበር የሚመዝናቸው።

ሴኔቱ ውስጥ ግን መራጩ እንዲህ የመናገር ዕድል አልተሰጠውም። ሴናተር ሲነሳ ማሟያ ምርጫ የለም፤ የ2016ቱ ድምፅ እንደገና ተቆጥሮ ከዚያው ፓርቲ ዝርዝር ቀጣዩ ይገባል። በዚህ መንገድ የማልኮም ሮበርትስን ወንበር የወረሱት ፍሬዘር አኒንግ ናቸው፤ በስማቸው አንደኛ ምርጫ ብሎ ድምፅ የሰጣቸው ሰው ቁጥር 19 ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው! አኒንግ በገቡበት ቀን ከዋን ኔሽን ጋር ተለያዩ። ኦገስት 2018 ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግራቸው የስደተኞችን ጉዳይ ናዚዎች አይሁድን ለመፍጀት በተጠቀሙበት ሐረግ ገለጹ። በ2019 ክራይስትቸርች ውስጥ 51 ሙስሊሞች የተገደሉበት ጥቃት በደረሰ ጊዜ ጥፋቱን በሙስሊም ስደተኞች ላይ አላከኩና ሴኔቱ አወገዛቸው። እኒህን ሰው ፓርላማ ያስገባው የመራጭ ቁጣ ወይም የዘመቻ ብልሃት አይደለም፤ የሮበርትስ የብሪታኒያ ዜግነት ነው። ሮበርትስ ሕንድ ውስጥ ከዌልሳዊ አባት የተወለዱ ሲሆኑ፣ ብሪታኒያዊ ነኝ ወይ ብለው ጥያቄ የላኩት አገልግሎቱ ወደ ተቋረጠ የኢሜይል አድራሻ ነበር።

ውጤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም አልማረም። ላምብ መልሰው ባሸነፉበት በኩዊንስላንዱ የሎንግማን ምርጫ ክልል የተርንቡል ወገን የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ ከ30 በመቶ በታች ወረደ። የኩዊንስላንድ የፓርቲው ሰዎች ተሸበሩ፤ ወር ሳይሞላ ኦገስት 24 ቀን 2018 ተርንቡል ከሥልጣን ተነስተው ስኮት ሞሪሰን ተተኩ። ዋናው ምክንያት የዜግነት ጉዳይ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ በፓርቲያቸው ውስጥ ስለ ኃይልና አየር ንብረት ፖሊሲ የቆየ ጠብ ነበረባቸው። ግን ያ ማሟያ ምርጫ ባይኖር ጠበኞቹ ሰይፍ የሚመዙበት አጋጣሚ ቢያንስ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ነበር።

ስለ ወደቁት ብዙ ተወራ፤ ጭራሽ ስላልተወዳደሩት ብዙም አልተባለም። በ2016ቱ ቆጠራ ከአውስትራሊያ ሕዝብ 49 በመቶው ራሱ ውጭ የተወለደ ወይም ቢያንስ አንዱ ወላጁ ውጭ የተወለደ ነው። ይህ ማለት ለፓርላማ መወዳደር ቢፈልግ ከአገሪቱ ግማሽ ያህሉ ሰው በመጀመሪያ የሌላ አገር የዜግነት ሕግ ማስመርመር አለበት። ለትልቅ ፓርቲ ይህ ቀላል ነው፤ የሕግ ክፍል አለው። ሠራተኛ ሆኖ በግል መወዳደር ለሚፈልግ፣ አገሩ በጦርነት የፈረሰችበት፣ ኤምባሲ የሌለው ወይም ኤምባሲው ደጅ መቆም የሚያስፈራው ስደተኛ ግን ከመንገዱ መነሻ የቆመ ግድግዳ ነው።

የእኛ ሰዎች ጉዳይ እዚህ ላይ አስገራሚ መልክ ይይዛል። ሜልበርን፣ በተለይ ፉትስክሬይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት የተደረደረበት ሰፈር ነው፤ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዚያ አገር ዜግነት ወስደዋል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ዳያስፖራው ዓመት ከዓመት የሚያማርርበት ይህ አንቀጽ ነው። ሆኖም ለካንቤራ መወዳደር ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፦ ግሪኩ አቴንስን ደብዳቤ ሲለምን የእኛው ሰው ገና መሐላውን ሲፈጽም አገሩ አሰናብታዋለች። ነገ አዲስ አበባ ጥምር ዜግነት ብትፈቅድ ያው ሰው አንቀጽ 44 ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለ ቪዛ መግባትን፣ መኖርንና መሥራትን ይፈቅዳል፤ መምረጥና መመረጥን ይከለክላል። የአውስትራሊያው አንቀጽ ደግሞ ዜጋ መሆንን ብቻ ሳይሆን የዜጋ መብትና ጥቅም የሚገባው መሆንንም ይጠቅሳል። ዜኖፎንን ያዳናቸው ያ ለስሙ ያህል የሆነ ዜግነት የመግባትና የመኖር መብት የሌለው መሆኑ ነው። ቢጫ ካርድ እነዚህ ሁለቱ አሉት። በትንሽ ድምፅ ልዩነት የተሸነፈ ተፎካካሪ ጥሩ ጠበቃ ከያዘ ይህን ክር መምዘዙ አይቀርም። ቢጫ ካርዱን ኪሱ ይዞ ለፓርላማ የሚያስብ ወንድማችን ከምዝገባው በፊት ቢመልሰው ይሻለዋል።

ሌላ መንገድ የለም ለሚል የእስራኤልን ማየት ይበቃል። እዚያ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ፓርላማው ክኔሴት ገብተዋል፤ ሚኒስትርም ሆነዋል። መሠረታዊ ሕጉ ሌላ ዜግነት ያለው ተመራጭ ከመማሉ በፊት ከዚያ ዜግነት ለመውጣት ከእሱ የሚጠበቀውን ሁሉ እንዲፈጽም ያዝዛል። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ጥያቄው የሚነሳው ከተመረጠ በኋላ፣ ከመሐላው በፊት ነው። የሚመዘነውም ሰውዬው ያደረገው እንጂ የውጭው ቢሮ ማኅተሙን የመታበት ቀን አይደለም። ይህ ሕግ ካንቤራ ቢኖር ጋላገር፣ ቅጹን ከምርጫው በፊት ልከዋልና፣ አንድ ቀን ከወንበራቸው ባልተነሱ ነበር። ለጸጥታ ግድ የሌላት አገር ናት ብሎ እስራኤልን የሚከስ ያለ አይመስለኝም።

የፓርላማው የምርጫ ጉዳዮች ኮሚቴ ሜይ 2018 ባወጣው ሪፖርት ፓርላማው መመዘኛውን በሕግ ማውጣት እንዲችል ሕዝበ ውሳኔ ይካሄድ ብሎ ነበር። መንግሥት አልፈለገም። በአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት ለመለወጥ የመላው አገር አብላጫ ድምፅና ከስድስቱ ክፍለ ግዛቶች የአራቱ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ጊዜ ከቀረቡት 44 ሐሳቦች ያለፉት ስምንት ናቸው። ፖለቲከኞች የራሳቸውን ወንበር የሚያደላድል ሕዝበ ውሳኔ ይዘው ቢወጡ ሕዝቡ የሚላቸውን ያውቃሉ። በምትኩ ቅጽ ወጣ። ከ2019 ምርጫ ጀምሮ ዕጩ ሁሉ የራሱን፣ የወላጆቹንና የአያቶቹን የትውልድ ቦታ የሚመለከት ጥያቄ እየመለሰ ይመዘገባል። ቅጹ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቢያንስ አላወቅሁም ማለትን ማስቀረት ነው። ለአፍጋኒስታን ተወላጅ ምን ይረዳል?

ጥያቄው የሐሳብ አይደለም። ካቡል ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አውስትራሊያ የመጡት ፋጢማ ፔይማን በ2022 በሌበር ፓርቲ ስም ሴናተር ሆነው ተመረጡ። የአፍጋን ዜግነታቸውን ለመተው ኤምባሲው ዘንድ ያመለከቱት ታሊባን ካቡልን በያዘ በወራት ውስጥ ነው፤ ኤምባሲው ከካቡል ጋር ሊገናኝ ስላልቻለ ማመልከቻው መልስ አላገኘም። የፓርቲው የሕግ ምክር የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል አለ። ከሌበር እስኪለያዩ ማንም ጉዳዩን አጥብቆ አላነሳውም። ከተለያዩ በኋላ፣ ኖቬምበር 2024፣ የዋን ኔሽን መሪ ፖሊን ሃንሰን ሰነድ ይዘው ተነሱና ብቁ አይደለችም አሉ። ፔይማን ዘረኝነት ነው ብለው መለሱ። ነባር ተወላጇ ሴናተር ሊዲያ ቶርፕ ወረቀቱን ቀድደው ወደ ሃንሰን ወረወሩ፤ ታገዱም። ክስ ያቀረበው ፓርቲ በ1999 ሄዘር ሂልን፣ በ2017 ማልኮም ሮበርትስን በዚሁ አንቀጽ ያጣ ነው፤ ሮበርትስም በ2019 ተመልሰው ተመርጠው በዚያ ቀን ከሃንሰን ፓርቲ ወንበር ላይ ነበሩ።